ገዢ መስሎ የሚሸጥ

ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ በጨርቅ ዋጋ ስትከራከሩ አንድ የማታውቁት ሰው ጠጋ ብሎ «ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ ገዝቼላት ነበር፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም» ቢላችሁ፣ ከሻጩ ይልቅ እሱን ታምናላችሁ። ሻጭ የራሱን ዕቃ ማመስገኑ ያለ ነው። ይህኛው ግን እንደ እናንተው ገዢ ነው፤ ምን ጥቅም አለው ትላላችሁ። ኋላ የባለሱቁ ወንድም ሆኖ ቢገኝስ? ጨርቁ ደህና ቢሆን እንኳ ተታላችኋል።

ለዚህ ሥራ የሸሪዓ ሊቃውንት «ነጅሽ» የሚል ስም አላቸው። መግዛት የማይፈልግ ሰው ሌላው እንዲገዛ ወይም አብልጦ እንዲከፍል ሲል ዋጋ ሲጨምር ወይም ዕቃውን ሲያሞግስ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን መከልከላቸውን ከኢብን ዑመር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ዛሬ ያ ሰው ከሱቅ ደጃፍ ተነሥቶ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ሰንደይ ራይሊ በተባለ የፊት ቅባት አምራች ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። በክሱ መሠረት ከ2015 እስከ 2017 የኩባንያው ኃላፊዎችና ሠራተኞች በሐሰት ስም አካውንት እየከፈቱ፣ ሴፎራ በተባለው የመዋቢያ መደብር ድረ ገጽ ላይ ደንበኛ መስለው የራሳቸውን ቅባት ያወድሱ ነበር። ሠራተኞቹ ከየት እንደሚጽፉ እንዳይታወቅ መሸሸጊያው ተነግሯቸዋል። ይህ ብቻም አይደለም፤ ቅባቱን የነቀፈ አስተያየት ሲያዩ «አልወደድኩትም» የሚለውን እንዲጫኑ፣ ይህም ሲበዛ አስተያየቱ እንደሚነሣ ተመክረዋል።

እስቲ ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል። ገንዘቧን ከፍላ የተቀባች፣ ያልተስማማትም ሴት ሌላዋ እንዳትጎዳ ብላ እውነቷን ትጽፋለች። የሐሰት ምስክሮች ተሰብስበው እውነተኛዋን ምስክር ዝም ያሰኟታል። ታዲያ «ማንን ጎዳን?» ማለት ይቻላልን?

ፍጻሜውስ? ጉዳዩ ያለ አንዳች የገንዘብ ቅጣት፣ «ሁለተኛ እንዳትደግሙ» በሚል ስምምነት ተዘጋ። ከኮሚሽኑ 5 አባላት 2ቱ ይህን ተቃውመዋል፤ እውነትም አላቸው። አታላይ ትርፉን ይዞ ከሄደ ሌላው ምን ይማራል? ኮሚሽኑ የሐሰት አስተያየትን በግልጽ የሚከለክልና የገንዘብ ቅጣት የሚያስከትል ደንብ ያወጣው በ2024 ነው።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ በሩቁ ኩባንያ ብቻ አንፍረድ። «የአጎታችን ልጅ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ሁላችሁም 5 ኮከብ ስጡት» የሚል መልእክት ለስንቶቻችን ደርሶናል? ስንቶቻችንስ ምግቡን ሳንቀምስ «እጅግ ይጣፍጣል» ብለን ጽፈናል? ዘመድ መርዳት መልካም ነው። ዳሩ ግን የሰጠነው ከኪሳችን አይደለም፤ የማናውቀውን መንገደኛ እምነት ነው።

ዘመዳችንን ከወደድን ሄደን እንብላ፤ ሒሳባችንን እንክፈል፤ ከዚያ ያየነውን እንጻፍ፤ «ዘመዴ ነው» ማለትንም አንርሳ። ጎድሎ ያገኘነውን ደግሞ ለእርሱ በግል እንንገረው። ልጆቻችንም ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው ኮከቡን ከመጫናቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይልመዱ፦ «በእርግጥ ቀምሼዋለሁ?»