መታወቂያውን ማን ጣለው?

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሄዶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ላፕቶፔን ወንበር ላይ አቁሜ ከታላቅ እህቴ ጋር «ቦምብሼል»ን አየን። ፊልሙ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው የወጣው። እኔ አንዴ አይቼው፣ ወድጄው፣ ለጓደኞቼም «እዩት» ብዬ ነበር። እህቴ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ፊልም ስታይ ደግሞ ዝም አትልም። ግማሹ ላይ እንኳ ሳንደርስ አስቆመችኝና «ቆይ እስቲ፣ ድርጅቱን ለምን አልከሰሰችውም? ሰውየውን ብቻ ለምን?» አለች።

መልሱ ፊልሙ ውስጥ አለ። ግን አንዴ ከተዘናጋችሁ ያመልጣችኋል። እኔ መጀመሪያ ሳየው አምልጦኝ ነበር። ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእህቴ ጥያቄ ነው።

ላላያችሁት፦ ታሪኩ የአሜሪካው ፎክስ ኒውስ አለቃ የነበረው ሮጀር ኤይልስ በ2016 እንዴት እንደወደቀ ነው። ኒኮል ኪድማን ግሬቸን ካርልሰንን፣ ቻርሊዝ ቴሮን ሜጊን ኬሊን ሆነው ይጫወታሉ። ሁለቱም በእውን ያሉ ጋዜጠኞች ናቸው። ማርጎት ሮቢ የምትጫወታት ኬይላ ግን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ከብዙ ሴቶች ታሪክ ተቀነጫጭባ የተሠራች። ዳይሬክተሩ ጄይ ሮች ነው።

ፊልሙ የሚችለውን በደንብ ይችላል። ሦስቱ ሴቶች አንድ ሊፍት ውስጥ የሚገናኙበት ትዕይንት አለ። ሦስቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አያወሩም። ቢሮ ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ኬይላ ኤይልስ ቢሮ የምትገባበት ትዕይንትም አለ። ጆን ሊትጎው አይጮህም፣ አይማታም፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ይመስል ተረጋግቶ ቀሚሷን ከፍ እንድታደርግ ይጠይቃታል። እህቴ እዚያ ላይ ፊቷን አዞረች። ዳይሬክተሩ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በግርግር ሳይሆን በለሆሳስ እንደሚደረግ ገብቶታል።

ችግሩ ከቢሮው ስንወጣ ይጀምራል።

የካርልሰን የሥራ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር። አለመግባባት ቢፈጠር ጉዳዩ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ በዝግ፣ በምስጢር፣ በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል። ስለዚህ ጠበቆቿ ዘዴ ፈጠሩ፤ ድርጅቱን ትተው ኤይልስን በግሉ ኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ክሱ የተመሠረተው ጁላይ 6 ቀን 2016 ነው። የእሱ ጠበቆች ጉዳዩን ወደ ግልግል ሊጎትቱት ሞከሩ። ግን ወሬው ወጥቶ ነበር፤ ሌሎች ሴቶችም መናገር ጀመሩ። ኤይልስ ጁላይ 21 ሥልጣኑን ለቀቀ። በ15 ቀን ማለት ነው።

ፊልሙ ይሄን አንቀጽ እንደ አንድ መሰናክል ነው የሚያየው። ጀግናዋ ትዘለዋለች፣ ታሪኩ ይቀጥላል። እኔ ግን ዋናው ታሪክ እሱ ነው ባይ ነኝ። ኤይልስ ክፉ ሰው ቢሆንም አንድ ሰው ነው፤ ያ አንቀጽ ግን በሚሊዮኖች ውል ውስጥ የተጻፈ ነው። ኤይልስን ለብዙ ዓመታት የጠበቀውም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። ካርልሰን ታዋቂ ስለሆነች፣ ጎበዝ ጠበቃ መክፈል ስለቻለች ዞራ ሄደች። ስቱዲዮውን የምታጸዳው ሴት በየት ትዙር?

እህቴ «ሽምግልና በለው እንጂ» አለች። ተመሳስሎባት ነው፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አያቴ ሸምጋይ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን የሚመርጡት ሁለቱም ወገኖች ናቸው፤ ነገሩ የሚታየው ጎረቤት እያየ ነው፤ ያጠፋው ሰው ማጥፋቱን መንደሩ ያውቃል። እዚያኛው ላይ ሠራተኛዋ ገና ሳትበደል፣ ሥራ በምትቀጠርበት ቀን፣ ከሌላ ሃያ ገጽ ጋር አብራ ነው የምትፈርመው። ማንም እንዳይሰማም ትፈርማለች። በዳዩ ነገ ሌላዋን ቢበድል፣ የፊተኛዋ መኖሯን ሁለተኛዋ አታውቅም።

አሜሪካኖቹም ይሄን ለማስተካከል ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ2009 ሴናተር አል ፍራንከን አንድ ማሻሻያ አቀረበ፤ የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸውን ሠራተኞች ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ በውል የሚያግዱ ድርጅቶች ከመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ውሎችን እንዳያገኙ የሚከለክል። ሴኔቱ 68 ለ30 አጸደቀው። ታዲያ ያው ፍራንከን ራሱ በሴቶች ላይ ተገቢ ያልሆነ ነገር ፈጽሟል ተብሎ ተከሶ በ2018 መጀመሪያ ከሴኔቱ ለቀቀ። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ለሕጉ ጥሩ ማስረጃ ነው የሆነብኝ። የሠራተኛ መብት በደግ ሰዎች ላይ መንጠልጠል የሌለበት ለዚህ ነው። ሕጉ ከጻፈው ሰው በላይ መቆም አለበት።

ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆነው ሕግ የመጣው በማርች 2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው አስቀድሞ የፈረመው የግልግል አንቀጽ አያስገድደውም፤ ከፈለገ ግልግል፣ ከፈለገ ፍርድ ቤት። ከሕጉ ዋና ተሟጋቾች አንዷ ካርልሰን ነበረች። ፊልሙ ከሕጉ በፊት ስለተሠራ ለምን አላሳየም አልልም። ግን ጠላቱ ማን እንደሆነ ማሳየት ይችል ነበር።

መጨረሻው ላይ ካርልሰን በ20 ሚሊዮን ዶላር ትስማማለች፣ ይቅርታም ትጠየቃለች፤ በምላሹ ስለደረሰባት ነገር እንዳታወራ ትፈርማለች። በራሷ ሕይወት ላይ ለተሠራው ፊልም እንኳ ታሪኳን መንገር አልቻለችም። ለተበዳዮቹ ከተከፈለው ይልቅ ለሁለት ወንዶች ስንብት የተከፈለው እንደሚበልጥ ፊልሙ ራሱ በጽሑፍ ይነግረናል። ኬይላ ደግሞ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥላ ትወጣለች።

እዚህ ጋ ነው እኔ ፊልሙን ያቆምኩት። እህቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ያልነገርኳትን ነገር ነገርኳት።

ከሦስት ዓመት በፊት የምሠራበት ድርጅት ውስጥ አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ። እኔ ኮድ እጽፋለሁ፣ እሷ ትፈትሻለች፤ ስህተቴን እየነቀሰች ታስቀናኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኳን አቀበለችኝ። አለቃችን በመሥሪያ ቤቱ ቻት ሌሊት የላከላት መልእክቶች ናቸው። በቃል ብቻ እንዳልቀረም ነገረችኝ። ለሰው ኃይል ክፍሉ አመልክታለች፤ «በውስጥ እንጨርሰዋለን፣ ታገሺ» ብለዋታል። ቀጥሎም ሁለቱን አንድ ክፍል አስገብተው «ይቅር ተባባሉ» አሏቸው። «ምስክር ትሆነኛለህ?» አለችኝ። «እስቲ ላስብበት» አልኳት።

እያሰብኩ ሳምንታት አለፉ። ወር ከምናምን ሲሞላት ሥራዋን ለቀቀች። በዚያው ቀን ጠዋት አንድ ቲኬት መጣልኝ፦ የእሷ አካውንት አሁኑኑ ይዘጋ። ዘጋሁት። አራት ደቂቃም አልፈጀብኝ። እነዚያ መልእክቶች እዚያ አካውንት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወርጄ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ፊልሙ ኬይላን መታወቂያዋን ራሷ እንድትጥል ያደርጋታል፤ ሙሉ ክብሯን ይዛ ትሄዳለች። እኔ በማውቀው ታሪክ መታወቂያውን የሚጥለው ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው እኔ ነኝ።

ከፊልሙ በኋላ አዋጁን አውርጄ አነበብኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። እንደ መሐንዲስ ሳነበው ጥሩ የተጻፈ ነገር አለው። ጾታዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ለይቶ ይተረጉማል፣ ይከለክላል። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪዋ ይሄን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የዘጠና ቀን ደመወዝ ካሣ ታገኛለች። በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ለሚለቅ ሠራተኛ ካሣው የሠላሳ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ሦስት እጥፍ አድርጎታል። አድራጊው ተራ ባልደረባ ከሆነና አሠሪው ተነግሮት ዝም ካለም የስንብት ክፍያ አላት።

ግን አንቀጽ 33 አለ። በዚህ ምክንያት የመልቀቅ መብቷ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቀረ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመችበት ይታገዳል። ኮድ የምትጽፉ ትረዱኛላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጊዜው የሚያልፍበት ቶከን ማለት ነው። እስቲ ቁጠሩት። «በውስጥ እንጨርሰዋለን» ስትባል ሳምንት። ይቅር እስኪያባብሏቸው ሌላ ሳምንት። እኔ «ላስብበት» ስል ሦስተኛው። አለቀ። የአሜሪካው አንቀጽ በሩን በውል ይዘጋዋል፤ የኛው በር ክፍት ሆኖ «ታገሺ» ሲሏት ይዘጋል።

በሩ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ይሄን ለእህቴ ሳነብላት ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ድምፅ ይሰማን ነበር። የቤት ሠራተኛን አዋጁ አይሸፍናትም፤ የሥራ ሁኔታዋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ያልፋታል። የእሷ የሥራ ቦታ የኛ ሳሎን ነው። እህቴ ድምፁን ቀነሰችው፤ ለምን እንደቀነሰችው አልጠየቅኳትም።

ታዲያ «ቦምብሼል» ይታይ? አዎ፣ ይታይ። ግን ኤይልስ ሲወድቅ አታጨብጭቡ፤ ካርልሰን ስትፈርም እጇን እዩ። ፊልሙ ሳይፈልግ እውነቱን የተናገረው እዚያ ነው።

እሑድ ጠዋት ለባልደረባዬ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አዋጁንም አነሳሁባት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ይሄን ያኔ ብትልከኝ ኖሮ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን በምሠራበት ቦታ አካውንት መዝጋት አሁንም የኔ ሥራ ነው። ሰኞ ዕለት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ሠራተኛው ያቀረበው አቤቱታ አለ? ካለ መረጃው ተቀምጧል?» መልስ ሳይሞላበት ቁልፉ አይሠራም። አለቃዬ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።