‹እንግሊዝ› የሚለው ስም የሸፈነው ህንድ

ጎልቦ ከሞያሌ ከፍታ በታች ወደ ደቡብ የተንጣለለ ቆላ ነው። ይህን የግጦሽ ሜዳ በሰሜን ካሉት የውኃ ጉድጓዶች የለየው መስመር እ.ኤ.አ. በ1903 በእንግሊዛዊው መሐንዲስ መኮንን በሻምበል ፊሊፕ ሞድ ተጠንቶ፣ በ1907 በአዲስ አበባ በተፈረመ ውል ጸና። በሞያሌ የተተከለው የእንግሊዝ ሰፈር ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። ስሙ የተወሰደለት ሃሪንግተን በምኒልክ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ መልእክተኛ ከመሆኑ በፊት በህንድ ጦር ያገለገለ መኮንን ነበር። ከመስመሩ በስተደቡብ በነበረው የእንግሊዝ ግዛት እስከ 1920 መገበያያው የህንድ ሩፒ ነበር፤ ወንጀለኛም እስከ 1930 የተዳኘው በህንድ የወንጀል ሕግ ነው። ሆኖም ስለ ድንበሩ በተወሳ ቁጥር የሚነሣው ‹‹እንግሊዝ›› የሚለው ስም ብቻ ነው። ህንድ ከወሬው ውስጥ የለችም።

ይህ አጠራር በጨዋታ ላይ ብቻ ቢቀር ባላስጨነቀ። ነገር ግን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ታላቁን ግጥሚያ፣ የመቅደላን ጦርነት፣ ያስነበበው በዚሁ ስም ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. ‹‹የቴዎድሮስ ዕንባ››ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ‹‹አንድ ለእናቱ››ን አበረከቱ፤ ፀጋዬ ገብረ መድኅንም ንጉሠ ነገሥቱን በመድረክ ላይ አቆማቸው። የልቦለዶቹ ርዕሶች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። አንድ ለእናቱ የሆነ ሰው ወንድም የለውም፤ ዕንባም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ለብቻ የሚፈስ ነገር ነው። እነዚህ ደራስያን በንጉሡ ብቸኝነት ውስጥ ታላቅ ውበት አግኝተዋል። ከዘመኑ ቀድሞ የተወለደ፣ የገዛ አገሩ ያልተረዳው መሪ ለዚያ ዘመን አንባቢ የራሱን ጥያቄ የሚያይበት መስተዋት ነበር። በዚህ ረገድ ውለታቸው አይዘነጋም። ይሁንና የድርሰቱ ክብደት ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሚታጣ ነገር አለ። ወንድም የሌለው ጀግና በሌላው ዓለም አምሳያ አይፈለግለትም፤ በጠላቱም ሰልፍ ውስጥ ማን ከማን እንደሚለይ አይጠየቅለትም።

ሰልፉ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር የተዘጋጀው በለንደን ሳይሆን በቦምባይ ነው። ከ13 ሺህ ገደማ ወታደሮች መካከል 9 ሺህ ያህሉ የህንድ ተወላጆች ነበሩ፤ እንግሊዛውያኑ ወደ 4 ሺህ ይጠጋሉ። ከባድ መድፎቹን በተራራው መንገድ የተሸከሙት 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ የመጡ ናቸው። የህንድ ወታደሮችም መደበኛ ደመወዝ እንዲከፈል የተደረገው ከህንድ ግምጃ ቤት ነበር። ይኸውም ስለ ሐበሻ ንጉሥ ሰምቶ የማያውቀው የህንድ ገበሬ መቅደላን ለመስበር ግብር ከፈለ ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦሩም በፊት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ክርስቲያን ንጉሥ ለክርስቲያን ንግሥት በቱርክ ላይ አጋርነት የሚጠይቅበት ነው። ደብዳቤው ለንደን ሲደርስ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተመርቶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ዘግይቶ መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ከኤደን የተላከ ሹም ሲሆን፣ ኤደን በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው ከቦምባይ ነበር። ከእርሱ ጋር የታሰሩት ዶክተር ብላንክና መቶ አለቃ ፕሪዶም የቦምባይ ጦር ባልደረቦች ናቸው። ንጉሡ እጃቸውን የዘረጉት ለሃይማኖት እኅታቸው ነበር፤ የዘረጉትን እጅ የተቀበለው ግን ህንድን የሚያስተዳድረው ቢሮ ነው። የዚህ ታሪክ አሳዛኝነት ከዚህ የበለጠ የሚገለጽበት ትዕይንት በቀላሉ አይገኝም። ልቦለድም ሆነ ተውኔት ሊጠቀምበት የሚችል የተዘጋጀ ሀብት ነው።

ቴዎድሮስ ያላወቋቸው ወንድሞች የት ነበሩ? የማይሶሩ ገዥ ቲፑ ሡልጣን እንደ እርሳቸው ሁሉ የአውሮፓን የጦር መሣሪያ በአገራቸው ለማሠራት የጣሩ፣ ሮኬት ያስተኮሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1787 ወደ ፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ መልእክተኞች የላኩ ሰው ናቸው። በግንቦት 1799 ዋና ከተማቸው ሽሪራንጋፓትና ስትሰበር እየተዋጉ ወደቁ፤ የብራና መጻሕፍታቸውም ተዘርፈው ተጋዙ። በጋፋት ሴባስቶፖልን ያስቀረጹት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው የሞቱት፣ መጻሕፍታቸው በደላንታ ሜዳ ለጨረታ የቀረቡባቸው ንጉሥ ታሪክ የዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ ይመስላል። የጃንሲዋ ንግሥት ላክሽሚ ባይም አሉ። ባላቸው ሲሞቱ ‹‹የጉዲፈቻ ልጅ አይወርስም›› ተብለው መንግሥታቸውን ተቀሙ፤ በሰኔ 1858 እ.ኤ.አ. በጓሊዮር አካባቢ በውጊያ ላይ ሞቱ። በዚያው ሰሞን በጓሊዮር ዙሪያ አንዱን የእንግሊዝ ብርጌድ ያዘዘው መኮንን ሮበርት ናፒየር ይባላል። ከ10 ዓመት በኋላ መቅደላ ሥር የቆመው ሰው እርሱ ነው።

ነገር ግን ወንድማማችነቱን ብቻ አጉልቶ ማየትም ሌላ ስሕተት ነው። በ1799 ቲፑን ለመውጋት የሃይደራባዱ ኒዛም ጦር ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፏል፤ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም በትግራይ በኩል ለናፒየር መንገድና ስንቅ ሰጥተው በምላሹ መድፍና ጠመንጃ ተቀብለዋል። ሁለቱም ከክፋት አልተነሡም፤ ከሩቁ ኃይል ይልቅ የቅርቡ ጠላት አስፈርቷቸው ነው። ደግሞም ልዩነቱ መታወቅ አለበት። ማይሶርና ጃንሲ በእንግሊዝ እጅ ሲወድቁ፣ መቅደላ ግን ተቃጥላ ጦሩ ወደ መጣበት ተመልሷል። ‹‹ህንድና ኢትዮጵያ አንድ ዕጣ ነበራቸው›› የሚል ድርሰት ቢጻፍ ሐሰት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው የተራው ወታደር ጉዳይ ነው። መጋቢት ሲያልቅ ተጉዞ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከተዋጉት ክፍሎች አንዱ በአብዛኛው ሲኮች ያሉበት 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር ጦር ነበር። የሲኮች መንግሥት በእንግሊዝ እጅ የወደቀው በ1849 እ.ኤ.አ. ነው፤ ናፒየር በዚያም ጦርነት ተካፍሏል። ስለዚህ በአሮጌ ጦርና ጋሻ ይዞ ቁልቁል የወረደው የቴዎድሮስ ወታደር የተጋጠመው ከ19 ዓመት በፊት አገሩን ከተቀማ ሰው ጋር ነው። እንግሊዛውያኑ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ሲይዙ ለህንዳዊው የተሰጠው አሮጌው ከአፍ የሚጎረስ ነበር። ምክንያቱም ከ1857ቱ አመፅ በኋላ ገዥው በእርሱ ላይ እምነት አልነበረውም። በዚያ ዕለት ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከወራሪው ወገን የቆሰሉት 20 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ተሸናፊዎች በአንድ ሜዳ ላይ ለሦስተኛ ወገን ድል ተገናኙ።

ይህን ፊት የአማርኛ ድርሰት እስካሁን በቅጡ አልሣለውም። ኢትዮጵያዊው አንባቢ ህንዳዊን የሚያውቀው በሌላ መልክ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሂሳብና ሳይንስ ያስተማረው መምህር፣ ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ፣ በሲኒማ ቤት የሚያለቅሰውና የሚዘፍነው ተዋናይ ነው። ከጎልቦ በኩል ደግሞ ከሞምባሳ የተነሣውን የባቡር ሐዲድ የዘረጋው ሠራተኛና የሱቁ ባለቤት ነው። የመቅደላው ወታደር ከእነዚህ ጋር አንድ ሰው መሆኑ አልታሰበም።

‹‹ደራሲ ታሪክ ጸሐፊ አይደለም፤ የክፍለ ጦር ዝርዝር ከእርሱ አይጠበቅም›› የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ጥያቄውን ግን አይነካም። ታሪክ ጸሐፍት የጦሩን ከቦምባይ መነሣት አልሸሸጉም። ቁጥሩ ለሰው ልብ የሚደርሰው ግን ደራሲ አንዱን ሲክ ስም ሰጥቶ፣ እናት ሰጥቶ፣ የወደቀውን ሐበሻ ፊት እንዲያይ ሲያደርገው ነው። ሌላም ያልተነካ ሕይወት አለ። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ከተወሰዱ በኋላ ከአሳዳጊያቸው ከሻምበል ስፒዲ ጋር በህንድ፣ በአውድ ኖረዋል። አውድ በ1856 እ.ኤ.አ. ከንጉሧ የተነጠቀች አገር ናት። አባቱን ያጣ የሐበሻ ልጅ ንጉሥ ባጣች አገር ውስጥ ሲያድግ ምን አየ? ልዑሉ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመታቸው በእንግሊዝ ሞተው በዊንዘር ተቀበሩ። አፅማቸው እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም። የአማርኛ ልቦለድ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ በአውድ ያሳለፉትን ዘመን ሊመልስ ይችላል።

ለጎልቦ አንባቢ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የ1907ቱ ውል በመስመሩ በሁለቱም ወገን ያሉት ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በግጦሽና በውኃ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል፤ መስመሩን የጠበቁት የኬ.ኤ.አር. ወታደሮች ግን ራሳቸው የተገዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ከአሮጌ የመጣው ሥርዓት እዚህም በሌላ ልብስ ደርሷል። ‹‹እንግሊዝ›› የሚለው አንድ ስም ቅሬታን ለመናገር ይበቃል፤ የተሸነፈ ሰው ሌላውን እንዲያሸንፍ እንዴት እንደሚሰለፍ ለመረዳት ግን አይበቃም። ቀጣዩ የመቅደላ ድርሰት ይህን ሰው በስሙ ቢጠራው፣ አንድ ለእናቱ የተባሉት ንጉሥ ወንድሞች ያገኛሉ፤ የድንበር ሰውም የራሱን ታሪክ በመቅደላ ውስጥ ያነባል።