ገብረሕይወት ባይከዳኝን በምን እንመን?

የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር ሁለት ምስክሮች ይጠራሉ። አንዱ የጀርመን አገር ትምህርታቸው ነው። ሌላው ስለ ጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች ጉዳት አርጀንቲናዊውን የኢኮኖሚ ሊቅ ራውል ፕሬቢሽን በአሥርት ዓመታት መቅደማቸው ነው። ሁለቱም የደራሲውን ተአማኒነት አያስረዱም። ትምህርት ቤት ለክርክር ዋስ አይሆንም፤ የቀደመም ሁሉ ልክ አይደለም።

የተሻለውን መመዘኛ የተዉልን ራሳቸው ናቸው። በ1904 ዓ.ም. አሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ላይ፣ ታሪክ ጸሐፊ የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። በቋንቋቸው የሚያማቸው የለም። የመንግሥት ሹም ሆነው ሳለ ገበሬውን ያደኸዩት ጦርነትና ልክ የሌለው ግብር መሆናቸውን በግልጥ ስለጻፉ፣ በፍርዳቸውም አልጠራጠርም።

የሚያከራክረው ማስተዋላቸው ነው። የሚወዱት ስልት ልውውጥን በሥራ ቀን ማስላት ነው፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ዕቃ ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን ድካም ይገዛዋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ እንጂ የተለኩ አይደሉም። ይህን እንደ ነውር አላየውም፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊፈትናቸው ይችላልና። ስሌታቸውን ለፈተና ክፍት አድርገው ያቀረቡ የኢኮኖሚ ጸሐፊዎች ዛሬም ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ በጉራጌ አገር፣ ወልቂጤ ላይ እንፈትናቸው። እንሰት እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል፤ ለመፋቅ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው። ከእንሰቱ ተፍቆ ገበያ የወጣው ቆጮ የስንት ቀን፣ የማንስ ድካም ነው? ገብረሕይወት በምድር ባቡሩና በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹመታቸው ያዩት በሐዲዱ የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ ነበር። ከዚያ ሆኖ የባሕር ማዶው ንግድ ጎልቶ ይታያል፤ የጓሮው ሀብት ግን አይታይም። ሸቀጥ ተሸክሞ ጀምሮ በዕቁብ ሱቅ የከፈተው የጉራጌ ነጋዴም በዚህ ስሌት ቦታ የለውም። ዕቁብን ግን የኢኮኖሚ ባለሙያው ደጀነ አሬዶ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ፋይናንስ ተቋም መርምረውታል።

የባሰው ጉድለት ለውጥን ሁሉ ከመንግሥት መጠበቃቸው ነው። ነገር ግን በ1950ዎቹ በቡታጅራ በኩል ለሚያልፈው የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሕዝቡ ማኅበር መሥርቶ ገንዘብ አዋጣ። የልማት ውጥን ከታች ሊነሣ መቻሉ የመጽሐፉን ማዕከላዊ ሐሳብ ይነካዋል።

ሆኖም ገብረሕይወት በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ሞቱ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ለተቺ መልስ የመስጠት ዕድል ስላላገኙ፣ ስሌቱን በቆጮና በዕቁብ ቁጥር እንደገና መሥራት የእኛ ዕዳ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከፕሬቢሽ ጋር ሲያነጻጽራቸው ከሚውል ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ። ውጤቱ ቢያፈርሳቸው እንኳ፣ የሚፈርስ ነገር ጽፈው መገኘታቸው ብቻ ከአወዳሾቻቸው ይልቅ እርሳቸውን እንዳምን ያደርገኛል።