ስሙ የተለወጠ ከተማ፤ ስለ ምሥጢር አጠባበቅ ትምህርት የቀረበ ሂስ

አርተር ቪዲችና ጆሴፍ ቤንስማን በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ትንሽ ከተማ በብዙኃን ኅብረተሰብ ውስጥ» የተባለው መጽሐፍ የኅብረተሰብ ጥናት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይነበባል። ደራሲዎቹ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ለሚገኝ አንድ የገጠር ከተማ «ስፕሪንግዴል» የሚል የፈጠራ ስም አውጥተውለት፣ ሕዝቡ በራሱ ጉልበትና በራሱ ምክር የሚኖር መስሎት ሲኮራ ኑሮው ግን በውጭ ባሉ መሥሪያ ቤቶችና ገበያዎች እጅ መውደቁን፣ የከተማውም ጉዳይ በጥቂት ሰዎች ስውር አስተዳደር መመራቱን አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ዋጋውን ለመቀነስ አልነሣም። በውጭ አገር ስማር መጽሐፉን ያነበብነው ስለዚሁ ግኝት ነበር፤ ከታተመ በኋላ በከተማው የሆነው ነገር ግን የተነሣልን በጨዋታ መልክ ብቻ ነው። እኔ ለጀማሪ ተመራማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነገር ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲች በከተማው የተቀመጠው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጓድ ሥር ሆኖ ሲሆን፣ ጥናቱም በሚታተመው ጽሑፍ ማንም ሰው ተለይቶ እንዳይታወቅ እንደሚደረግ ለነዋሪዎች ቃል ሰጥቶ ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ግን የሰዎቹ ስም ብቻ ተለውጦ ሥራቸው፣ ተሰሚነታቸውና እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት እንዳለ ተጽፎ ተገኘ። የከተማው ሰው መጽሐፉን እንዳነበበ ማን ማን እንደሆነ ለየ። ቁጣውንም በጋዜጣ ብቻ አልተወውም፤ በጁላይ 4 ቀን የነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ነዋሪዎች ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው፣ በመጽሐፉ የወጣላቸውን የፈጠራ ስም ይዘው በተሽከርካሪ አለፉ። በመጨረሻም ፍግ መበተኛ ጋሪ ላይ አጎንብሶ ፍጉን የሚመለከት አሻንጉሊት መጣ፤ እርሱም «ደራሲው» ነበር። (በእኛ አገር ቢሆን ይህን ሁሉ አንድ አዝማሪ በሁለት ስንኝ ይጨርሰው ነበር።)

«ሂውማን ኦርጋናይዜሽን» የተባለው መጽሔት ጉዳዩን አንሥቶ ስለ ምርምር ነጻነትና ኃላፊነት ክርክር ተከፈተ፤ ደራሲዎቹም በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትም ነገሩን ራሱን የመጽሐፉ ክፍል አደረጉት። መከላከያቸው በአጭሩ፣ ዐቢይ ጉዳይን የሚመረምር ጥናት አንዳንዱን ሰው ማስቀየሙ አይቀርም የሚል ነው። ይህ በግማሹ እውነት ነው። በእርግጥም ስለ ስውሩ አስተዳደር የሚናገረው ምዕራፍ ሰዎቹ ሳይታወቁ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ከሆነ ስሕተቱ የተጀመረው በመጽሐፉ ሳይሆን ሊፈጸም በማይችለው ቃል ነው። ቃሉን የሰጡት ሰዎች ምን ቃል መስጠት እንደሚቻል አልመረመሩም፤ የጻፉትም ቃሉ የእነርሱ ብቻ አለመሆኑን እንደ ነጻ መውጫ ቆጠሩት። ለነዋሪው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በሩን የከፈተው ለአንድ ሰው ነበርና።

ምሥጢር የሚጠበቀው ከማን ነው? ተማሪዎቻችን ይህን ሲጠየቁ ሩቅ ያለውን አንባቢ ያስባሉ። ሩቅ ያለው አንባቢ ግን የሰውየውን ስም ቢያውቅም ምንም አያደርገውም፤ ሊጎዳው የሚችለው ጎረቤቱ ነው። አንድ ደብር ያለው ቄሰ ገበዝ አንድ ነው፤ «ቄስ ሀ» ብሎ መጻፍ ማንንም አይሰውርም። በመንደሩ ያለችው ሸክላ ሠሪ አንዲት ከሆነች፣ ስለ ትውልዷና ስለ ቡዳነት የሚወራው ሐሜት በስም ለውጥ ተሸፍኖ ቢታተም የልጇን ጋብቻ ሊያፈርስ ይችላል። የአያቱን ባርነት ለአጥኚው በሹክሹክታ የነገረ ሰውም እንደዚሁ ነው። ቁጥርም ቢሆን መሸሸጊያ አይደለም፤ ላታንያ ስዊኒ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 ከመቶ የሚሆነው በተወለደበት ቀን፣ በጾታውና ባለ አምስት አኃዝ በሆነው የፖስታ ቁጥሩ ብቻ ለብቻው ሊለይ የሚችል ነበር።

እንግዲህ ሥልጠናችን ከመቆለፊያ ሣጥንና ከይለፍ ቃል አልፎ መሄድ አለበት። እነዚህ አያስፈልጉም አልልም፤ የስም ዝርዝሩ ከማስታወሻ ደብተሩ ተለይቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፣ በስልክ የተቀዳው ድምፅም በኮምፒዩተር ሲቀመጥ በምሥጢር ቁልፍ ይዘጋ። ድምፅ ራሱ ስም መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ በአገሩ ሰው ጆሮ አንድ ሐረግ ይበቃል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚማሩት ነው። የሚከብደው በጎረቤት ዓይን ማንበብን መልመድ ነው። ተማሪው በቅድሚያ ስለሚኖርበት ግቢ ሁለት ገጽ ይጻፍ፣ ስሞቹን ይለውጥ፤ ጓደኞቹ ስንቱን ሰው እንደለዩ በፊቱ ይቁጠሩለት። ከዚያ በኋላ የቱን ዝርዝር መተው፣ የቱን ማዛወር እንደሚገባ፣ መቼም ምዕራፉን ጨርሶ አለማተም እንደሚሻል መከራከር ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው አስተርጓሚው ነው። በአብዛኛው የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አጥኚው የሚሰማውን ሁሉ ቀድሞ ይሰማል፣ አጥኚው ሲመለስም እርሱ እዚያው ይቀራል። ቃል የሚገባው አጥኚው፣ ምሥጢሩን ይዞ የሚኖረው እርሱ ሲሆን፣ ለሥልጠና ሲጠራ ግን አላየሁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ተቋሞች ስለ ፈቃድ ቅጽ ይጨነቃሉ፤ መልካም ነው። በቅጹ ላይ ግን «ማንም አያውቅዎትም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬም ይታያል። በእርሱ ፈንታ «ስምዎን አልጽፍም፤ የአገርዎ ሰው ግን ሊለይዎት ይችላል፤ እንዳይጻፍ የሚፈልጉት ካለ ይንገሩኝ» ቢባል ጥቂት ሰዎች ዝም ይሉ ይሆናል፤ የሚናገሩት ግን ምን እንደሚጠብቃቸው ዐውቀው ይናገራሉ።