ጥቁር ቆዳና የፀሐይ መድኃኒት

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም» የሚለውን የጓደኞቻችንን አባባል መንቀፍ ይገባል። ከጥሬ ወተት ለሚይዘው ብሩሴሎሲስ ዶክሲሳይክሊን 6 ሳምንት ይታዘዛል፤ ይኸውም መድኃኒት በቆዳ ውስጥ አልትራ ቫዮሌት ጨረርን ተቀብሎ ሥጋን ያቃጥላል፣ ጥፍርንም ሊያላቅቅ ይችላል። ሜላኒን ጨረሩን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያግድም። እንዲያውም ቅላቱ በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ሐኪሙን ያታልላል።

ይኸው ጠባይ በሌላ ወገን ፈውስ መሆኑን አንርሳ፤ ግብጻዊው ኤል ሞፍቲ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. አሚ ማጁስ የተባለውን ተክል ከፀሐይ ጋር ለለምጽ ሕክምና ማዋሉን ጽፏል።

ነገር ግን በዱቦ ከእንሰቱ መካከል ሲቆፍር ለሚውል ገበሬ «ከፀሐይ ራቅ» ማለት ምክር ነውን? ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይነገረው፤ በቀጠሮው ቀንም «ያቃጥልዎታል ወይ? ጥፍርዎንስ ያምዎታል?» ተብሎ ይጠየቅ። ያለዚያ ክኒኑን በ2ኛው ሳምንት ይጥለዋል፤ ትኩሳቱም ይመለስበታል።