የሥርዓተ ነጥብና የፊደል ቅርጾች እንደ አልበም ጌጥ

ፎቶግራፍን፣ ቲኬትን፣ ደብዳቤንና አጭር ማስታወሻን በአንድ ገጽ ላይ አቀናጅቶ መለጠፍ የሚጠይቀው ስክራፕቡክ የተባለው የአልበም ሥራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች በሰፊው የተለመደ ነበር፤ ደራሲው ማርክ ትዌይንም ሙጫው አስቀድሞ በገጹ ላይ የተቀባ፣ ሲረጥብ የሚጣበቅ አልበም ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ገጹን የሚያስጌጡት አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅተው በሚሸጡ አበቦች፣ ጥብጣቦችና ተለጣፊ ምስሎች ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ከጽሑፉ ከራሱ የሚወጣው ጌጥ ማለትም ነጥቡ፣ ሰረዙ፣ ቅንፉና የፊደሉ ቅርጽ ነው፤ የመስመሩ ውፍረትና የጫፉ አቆራረጥ ከፎቶው ሥር ከሚጻፈው ጽሑፍ ጋር አንድ ስለሚሆን፣ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር መስሎ አይታይም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የፊደል ቀራጭ ሮበር ግራንዦን ከፊደላቱ ጋር አብረው የሚደረደሩ፣ ከብረት የተሠሩ ትናንሽ የቅጠልና የሐረግ ቅርጾችን ያዘጋጅ ነበር፤ እነዚህም በሙያው «የአታሚ አበባ» የሚባሉት ናቸው። የግራንዦን ጥበብ የሚታየው በአንዱ ቅርጽ ውበት ብቻ አይደለም፤ ያው ትንሽ ቅርጽ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተገለበጠ ሲደረደር እርስ በርሱ ተያይዞ ሰፊ የሐረግ ክፈፍ ይሆናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፒየር ሲሞን ፉርኒየ ይህንኑ ልማድ በፓሪስ አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ጀርመናዊው ኸርማን ዛፍ የነደፋቸው ኮከቦች፣ ቅጠሎች፣ እጆችና ቀስቶች ዛፍ ዲንግባትስ በሚል ስም በፎንት መልክ ወጡ። የአልበም ሠሪ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትልቁ ትምህርት ብዙ ዓይነት ቅርጽ ከመሰብሰብ ይልቅ አንዱን ደጋግሞ ማዞር እንደሚበልጥ ነው።

ምልክት ጌጥ የሚሆነው መነበቡን ሲያቆም ነው፤ ይህንንም በዋናነት የሚወስነው መጠኑ ነው። የፊደል መጠን በፖይንት ይለካል፤ አንድ ፖይንት የአንድ ኢንች 72ኛ ክፍል፣ ማለትም 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ በ12 ፖይንት ሲጻፍ፣ አጠገቡ በ24 ፖይንት የተቀመጠ የላቲን ኮማ ገና ኮማ ስለሆነ፣ ዓይን የቀረውን ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ያው ኮማ በ300 ፖይንት ታትሞ ሲቆረጥ ግን ክብ ራስና የሚሳሳ ጅራት ያለው ነጻ ቅርጽ ይሆናል፤ አራቱ ራሳቸውን ወደ መሐል፣ ጅራታቸውን ወደ ውጭ አድርገው፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ዙር እየዞሩ ሲለጠፉ የሚሽከረከር አበባ ይወጣቸዋል። ይህ የሚሳካው በካስሎን ዓይነት ፊደል ነው። በሄልቬቲካ የኮማው ራስ አራት ማዕዘን፣ ጅራቱም አጭር ስለሆነ ከአራቱ የሚገኘው ቅርጽ ደረቅና ማሽን ነክ ይሆናል፤ እሱም ለባቡር ጣቢያ ወይም ለፋብሪካ ፎቶ ይስማማ እንደሆነ እንጂ ለሕፃን ክርስትና አይሆንም።

በአማርኛ የሚጻፍ አልበም ደግሞ የራሱ ሀብት አለው። አራት ነጥብ (።) በአንዳንድ ፎንቶች ክብ፣ በሌሎች አራት ማዕዘን ነጥቦች ስላሉት፣ ጎልቶ ሲታተም የፊደሉን ጠባይ ወዲያው ያሳውቃል። የክፍል መለያዎቹ ፨ እና ፠ ያለምንም ጭማሪ በራሳቸው ጌጥ ናቸው፤ በብራና መጻሕፍት ነጥቦቹ በጥቁርና በቀይ ቀለም መፈራረቃቸው ዛሬም በሁለት ወረቀት ሊሠራ የሚችል፣ ድንቅ የቀለም አጠቃቀም ነው። የግእዝ አኃዞች ከላይና ከታች አግድም መስመር ስላላቸው ተጠጋግተው ሲሰለፉ ሁለት ሐዲዶች የያዙት ጠባብ ክፈፍ ይሠራሉ፤ ፳፻፲፮ ተብሎ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ከፎቶው ስፋት ጋር እኩል ተደርጎ ከሥሩ ሲቀመጥ ጊዜውንም ይነግራል፣ ፎቶውንም መሠረት ይሰጠዋል። «ሀ» ወደ ታች ሲገለበጥ ቅስት ይሆናል፤ አምስት ስድስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙም የበረንዳ ቅስቶችን ይመስላሉ። በብራና መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚሳለውን ሙሉ ሐረግ በቤተሰብ ፎቶ ዙሪያ መገልበጥ ግን አይመከርም፤ ያ ሥራ የራሱ ክብር ስላለው ፎቶውን ይውጠዋል።

በመቁረጡ ላይ ትዕግሥት የሚፈትነው የፊደል ሆድ ነው፤ ሆድ የሚባለው እንደ «ዐ» እና እንደ «ፀ» ያሉ ፊደላት በመስመራቸው ከብበው የሚይዙት ባዶ ቦታ ነው። ውጩ ቀድሞ ከተቆረጠ ቀሪው ቀጭን ቀለበት በምላጩ ግፊት ስለሚጣመም፣ ወረቀቱ ገና ሰፊና ጠንካራ ሳለ ሆዱን አስቀድሞ ማውጣት ይገባል። በመታጠፊያው ላይ ምላጩን ከማዞር ወረቀቱን ማዞር የተሻለ ጠርዝ ይሰጣል። ከ«ዐ» ሆድ የሚወድቀው ሞላላ ቁራጭም አይጣልም፤ ከቀለበቱ ራቅ ብሎ በገጹ ሌላ ጥግ ሲለጠፍ ሙሉውና ባዶው እየተጠራሩ ገጹን ያስተሳስሩታል። የመቁረጫው መስመር ከፊት እንዳይታይ ቅርጹ ከወረቀቱ ጀርባ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ መታተም አለበት።

ወረቀቱ ከአሲድና ከሊግኒን፣ ማለትም እንጨትን ከሚያጠነክረውና ወረቀትን ከጊዜ በኋላ ከሚያበልዘው ንጥረ ነገር፣ የጸዳ ይሁን፤ ሙጫውም እንዲሁ ለፎቶ የማይጎዳ መሆኑ ይረጋገጥ።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ በተለመደው 12 በ12 ኢንች ገጽ ላይ ከሁለት ዓይነት ምልክት በላይ መጠቀም ገጹን የፎንት ናሙና ያስመስለዋል። ትልቁ ምልክት ሙሉ በሙሉ በገጹ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቅንፍ ለምሳሌ ግማሹ ከጠርዝ ውጭ ቀርቶ የቀረው ጉብታ ፎቶውን ከጎን ሲያቅፍ፣ ሙሉ ሆኖ ከሚቆምበት ይልቅ ከፎቶው ጋር ይዋሐዳል። ሁለት ገጾች ፊት ለፊት ሲከፈቱ የመክፈቻው ቅንፍ በግራው ገጽ፣ የመዝጊያው በቀኙ ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው የተለጠፉት ፎቶዎች ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቤት የመጡ መሆናቸውን ያኔ ርዕስ ሳይጻፍ መረዳት ይቻላል።