ተገድፎ የቀረው

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት፣ በየክረምቱ የመጪውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር አሰላለሁ። ከመስኮቱ ሥር ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ወደ መርካቶ ያልፋሉ። ነጋዴ ጎረቤቴ ደብተሬን አይቶ፣ «መሪጌታ፣ ይኼን ሁሉ ቆጥረው ስንት ያተርፋሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ሳያውቀው የሙያውን ልብ ነካው። ባሕረ ሐሳብ፣ በዓላቱ የሚወጡበት ስሌት፣ የሚፈልገው ትርፉን ብቻ ነው። ትልቁ ቁጥር ይገደፋል፤ በዓሉን የሚያወጣው ተገድፎ የቀረው ነው።

የ2018ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ከቆጠራው መነሻ፣ ከጥንተ ቀመር ማክሰኞ፣ አንሥቶ እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ያለው ቀን አንድ በአንድ ቢቆጠር 2,745,584 ነው። በ7 ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ ከማክሰኞ ሁለት ቀን ስንራመድ ሐሙስ ላይ እንደርሳለን። ስሌቱን ያስተማሩኝ የኔታ ግን ሚሊዮን ቆጥረው አያውቁም ነበር። 7518 ላይ ሩቡን፣ 1879ን፣ ደምረው በ7 ይገድፉታል፤ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። ለምን ይሠራል? 365 በ7 ሲገደፍ 1 ስለሚቀር፣ አንድ ሙሉ ዓመት ሳምንቱን የሚገፋው በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን ሌላ አንድ ይታከላል። ይህ የገባኝ ስልቱን በቃሌ ከያዝሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን ደስታ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ለፋሲካ 7518ን በ19 እንገድፋለን፤ 13። ዓመቱ ገና አላለቀምና አንድ ይነሣል፤ ወንበር 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። ብዙ ጊዜ ስሕተቴን ያሳየኝ ይህ ድምር ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ የሚውለው በመስከረም ነው። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7፤ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከዚያ በ69 ቀኑ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 4።

30 የማያሳየው ስሕተትም አለ። የ2019 መጥቅዕ 7 ነው፤ ከ14 ስለሚያንስ የሚውለው በጥቅምት ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን መጥቅዕ በመስከረም አውዬ ጾሙን አንድ ወር ያህል አስቀደምሁት። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት አንድ ቄስ አይተው አዳኑኝ። ከዚያ ወዲህ ድምሩ ቢስማማም ወሩን በጣቴ ሳልነካ ወረቀቱን አልሰጥም።

የምወድደው ግን 532ን ነው። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ሦስቱ ዙሮች፣ የጳጉሜን 6፣ የሳምንቱና የወንበሩ፣ እንደገና በአንድ ቦታ የሚገናኙት በብዜታቸው፣ በ532 ዓመት ነው። ዐቢይ ቀመር የምንለው ይኸው ነው። 14ኛው በ1948 ዓ.ም ሞላ፤ 2018 የ15ኛው 70ኛ ዓመት ነው። ሥራዬን ስጨርስ 532 ቀንሼ ያንን የሩቅ ዓመትም አሰላዋለሁ፦ 6986፣ በ19 ሲገደፍ ያው 13። በ1486 ዓ.ም፣ በአፄ እስክንድር ዘመን፣ መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4።